«እኖራለሁ» ለማለት የትኛው የእንግሊዝኛ ግስ? ከሊቭ እስከ ኦኪዩፓይ

«ኖረ» ለሚለው ቃል የእንግሊዝኛ አቻ ብትፈልጉ መዝገበ ቃላቱ ስድስት ሰባት ግስ ይደረድርላችኋል። ሊቭ፣ ስቴይ፣ ሪዛይድ፣ ኢንሃቢት፣ ኦኪዩፓይ፣ ድዌል፣ ሴትል። ከሁሉም ጎን «ኖረ፣ ተቀመጠ» ተብሎ ተጽፏል። ልዩነታቸው ግን አልተጻፈም። ስለዚህ የስኮላርሺፕ ማመልከቻ የሚጽፍ ተማሪ ወይም የቪዛ ፎርም የሚሞላ ሰው ከዝርዝሩ ውስጥ ከበድ የሚለውን ያነሳል። የተሻለ እንግሊዝኛ ይመስለዋላ። ከዚያ «አይ ኢንሃቢት ኢን አዲስ አበባ» ብሎ ይጽፋል።

ይህች አጭር ዓረፍተ ነገር ሁለት ቦታ ተበላሽታለች። አንደኛ፣ ኢንሃቢት «ኢን» የሚለውን መስተዋድድ አያስከትልም። ሁለተኛ፣ ሰው የራሱን አድራሻ ሲናገር ኢንሃቢት አይልም። አንባቢው ምን ለማለት እንደተፈለገ ይገባዋል። ግን ዓይኑ ቃሉ ላይ ይቀራል፤ ጸሐፊው ሊነግረው የፈለገው ቁም ነገር ያልፈዋል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ከተጠራጠራችሁ ሊቭ በሉ። ሊቭ የጀማሪ ቃል አይደለም። ፕሮፌሰሩም፣ ዳኛውም፣ ጋዜጠኛውም የት እንደሚኖሩ ሲጠየቁ የሚመልሱት በሊቭ ነው። ሌሎቹ ግሶች የሚያስፈልጉት ሊቭ የማይችለው ነገር ሲመጣ ብቻ ነው። ያንን ለመለየት እኔ ሦስት ነገር አያለሁ፦ የሚኖረው ማን ነው፣ ቆይታው ምን ያህል ነው፣ ጽሑፉንስ የሚያነበው ማን ነው? አንድ ሰው፣ አንድ ሕዝብ፣ አንድ የዱር እንስሳ፣ አንድ ጦር ሠራዊት በእንግሊዝኛ በአንድ ግስ አይኖሩም።

ሊቭ፦ ቀላል ይመስላል፣ ግን ጊዜው ላይ ያስቸግራል

በመስተዋድዱ እንጀምር። ከተማና አገር ሲሆን «ኢን» ነው፤ ሊቭ ኢን አዳማ፣ ሊቭ ኢን ስዊድን። መንገድ ሲሆን አሜሪካኖች «ኦን» ይላሉ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሰው ሊቭ ኦን ጆርጂያ አቬኑ ይላል። ለንደን ያለው ግን ለመንገድ «ኢን» ማለት ይቀናዋል። የቤት ቁጥር ከተጠራ ሁለቱም ጋ «አት» ነው። ፎቅ ደግሞ «ኦን» ነው።

ስለ ፎቅ ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ጂ ፕላስ አራት የምንለው ሕንፃ ላይ አንደኛ ፎቅ ማለት ከምድር ቤቱ ቀጥሎ ያለው ነው፤ እንግሊዞችም እንዲሁ ይቆጥራሉ። አሜሪካኖች ምድር ቤቱን ራሱን አንደኛ ብለው ይጀምራሉ። ስለዚህ እኛ ሁለተኛ ፎቅ የምንለው እነሱ ጋ ሦስተኛ ነው። ዕቃ የሚያመጣላችሁ ሰው የሌላ ሰው በር እንዳያንኳኳ ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ጊዜው። አማርኛ «እዚህ አምስት ዓመት ኖሬያለሁ» ሲል ሁለት ነገር ማለት ይችላል። ሰውየው አሁንም እዚያው ሊኖር ይችላል፣ ለቆም ሊሆን ይችላል። ነገሩ ከወሬው ይታወቃል። እንግሊዝኛ ይህን አይፈቅድም። «አይ ሊቭድ ኢን ቨርጂኒያ ፎር ፋይቭ ይርስ» ካላችሁ ቨርጂኒያን ለቃችኋል ማለት ነው። አሁንም እዚያ ከሆናችሁ «አይ ሃቭ ሊቭድ» ነው የሚባለው። ልዩነቷ «ሃቭ» ብቻ ናት። ለሥራ ቃለ መጠይቅ የተቀመጠ ሰው ይህቺን ከዘለላት ጠያቂው ቀጥሎ «እና አሁን የት ነህ?» ይለዋል፤ መላሹ ደግሞ ለምን እንዲህ እንደተጠየቀ ግራ ይገባዋል።

«አይ ሊቭ ሂር ፎር ፋይቭ ይርስ» የሚለውስ? ይህ ከአማርኛችን በቀጥታ የመጣ ነው፤ «አምስት ዓመት ሆነኝ ስኖር» ከሚለው። እንግሊዝኛው የተጀመረና ያላለቀ ነገርን ያለ «ሃቭ» አይገልጽም። ስለዚህ እዚህም «ሃቭ ሊቭድ»።

«አይ አም ሊቪንግ» ደግሞ ሌላ ነው። «እየኖርኩ ነው» ስለምንል ብዙ ሰው ይህን ይመርጣል። ስህተት አይደለም፤ ግን ለጊዜው የሚል ስሜት አለው። «አይ አም ሊቪንግ ዊዝ ማይ ከዝን» ካላችሁ ሰሚው ቤት እስክታገኙ ነው ብሎ ይረዳል። ቋሚ መኖሪያችሁ ከሆነ «አይ ሊቭ» ይበቃል።

አነባበቡም ትኩረት ይፈልጋል። ሊቭ ሲባል ድምፁ አጭር ነው፤ «ለቆ መሄድ» የሚለው ግስ ደግሞ ረዘም ይላል፣ ሊይቭ። በፊደላችን ሁለቱን ለመለየት ያስቸግራል፣ ጆሯችንም አልለመደውም። የሚያድናችሁ «ኢን» ነው። መኖር የሚለው «ኢን» ያስከትላል፤ ለቆ መሄድ አያስከትልም። «ኢን»ን ካልዋጣችኋት ድምፁ ቢንሸራተትም ሰው ይረዳችኋል።

ስቴይ፦ ያረፋችሁበት ቦታ

አማርኛ እዚህ ጋ ጥሩ መመሪያ ይሰጠናል። «የት ነው ያረፍከው?» ብላችሁ የምትጠይቁት ሰው ስቴይ ይባልለታል። «የት ነው የምትኖረው?» የምትሉት ሊቭ። ለጥምቀት ከዋሽንግተን የመጣ ሰው እናቱ ቤት ቢያርፍ ስቴይ ነው፤ የተወለደበት ቤት ቢሆንም እንኳ። ሰነበተ፣ ከረመ፣ ቆየ፣ አደረ የምንላቸው ሁሉ ወደ ስቴይ ይሄዳሉ። ለክረምቱ አጎቱ ቤት ከረመ፤ ስቴይ። ሆቴል አደረ፤ ስቴይ።

ይህ ልዩነት ከሰዋስው አልፎ የሚሄድበት ቦታ አለ። ወደ አሜሪካ ለጉብኝት የሚያመለክት ሰው የሚሞላው ዲኤስ-160 ፎርም የሚጠይቀው አሜሪካ ውስጥ የት እንደምትኖሩ አይደለም። የምታርፉበትን አድራሻ ነው የሚጠይቀው፤ ግሱም ስቴይ ነው። ስንት ጊዜ እንደምትቆዩ ሲጠይቅም ያው ስቴይ ነው። ምክንያት አለው። ሕጉ ለጎብኚ ቪዛ የሚጠይቀው ከአሜሪካ ውጭ የማይተውት መኖሪያ ያለው ሰው ነው። እንግዲህ የቆንስላ ሠራተኛ ፊት ቆሞ «ወንድሜ ጋ ሁለት ወር እኖራለሁ» ለማለት ሊቭ ያለ ሰው፣ ያሰበው ማረፍን ነበር፣ ያለው ግን መኖርን ነው። ስቴይ ቢል ቃሉና ሐሳቡ ይገጥሙለታል። እናታችሁን ወይም አባታችሁን ለቃለ መጠይቅ ስታዘጋጁ ይህችን አንድ ቃል ብታስለምዷቸው ደስ ይለኛል።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። ስኮትላንድ፣ ሕንድና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ስቴይ መኖር ማለት ነው። ዱባይ ወይም ዶሃ የሚሠሩ ልጆች ሕንዳዊ የሥራ ባልደረባቸው «ዌር ዱ ዩ ስቴይ?» ሲላቸው ሆቴሉን እየጠየቀ አይደለም፣ ሠፈራቸውን ነው። ስትሰሙ ተረዱ፤ ስትጽፉ ግን ሊቭን ያዙ።

ገልፍ ላይ እያለን፣ የቤት ሠራተኛ ውል ላይ «ሊቭ ኢን» የሚል ቅጽል ታገኛላችሁ። አሠሪዋ ቤት እያደረች የምትሠራ ማለት ነው። «ሊቭ አውት» ከሆነ ሠርታ ወደ ራሷ ማደሪያ የምትመለስ ናት። ሁለቱ ቃላት የሥራ ሰዓትንም፣ የቤት ኪራይንም፣ የዕረፍት ቀንንም ይነካሉ። ውል የምትፈርም እህት ይህን ሳታይ መፈረም የለባትም።

ሪዛይድ፦ የፎርምና የሕግ ቃል

ሪዛይድ ከሊቭ ጋር ትርጉሙ ያው ነው ማለት ይቻላል፤ የሚለየው የሚነገርበት ቦታ ነው። ፍርድ ቤት፣ ኢሚግሬሽን፣ ባንክ፣ የተረጋገጠ ደብዳቤ። «ነዋሪ» የሚለው የቀበሌ ቃላችን በትክክል እዚህ ይገባል። የቀበሌ መታወቂያ ለኤምባሲ ሲተረጎም የሪዚደንት መታወቂያ የሚባለው ለዚህ ነው። ሳዑዲ ያሉት ወገኖቻችን ኢቃማ የሚሉት ወረቀትም በእንግሊዝኛ የሪዚደንስ ፈቃድ ነው።

በወሬ ላይ ግን ሪዛይድ ይከብዳል። ቡና እየጠጣችሁ «አይ ሪዛይድ ኢን ሰሚት» ብትሉ ቃለ መሐላ የምትሰጡ ትመስላላችሁ።

ቃሉ በሕግ ምን እንደሚመዝን ለማየት የአሜሪካን ዜግነት እንመልከት። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው በሕጉ ቋሚ ሪዚደንት ነው። ለዜግነት ኤን-400 በሚባለው ፎርም ሲያመለክት በአብዛኛው ሁለት ነገር ይጠየቃል። አንዱ ያልተቋረጠ ሪዚደንስ፣ አምስት ዓመት። ሌላው በአካል መገኘት፣ ከዚያ አምስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ 30 ወር። ከአሜሪካዊ ጋር በጋብቻ ለሚኖር ቁጥሩ ወደ ሦስት ዓመትና ወደ 18 ወር ይወርዳል። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሰው ለአጭር ጊዜ አዲስ አበባ ሄዶ ሲመለስ ሪዚደንሱ አይቋረጥም፤ በአካል የተገኘበት ቀን ግን ይቀንሳል። ከስድስት ወር በላይ ከቆየ የሪዚደንሱም ነገር ጥያቄ ይነሳበታል፤ ዓመት ከሞላ ደግሞ በመደበኛው ሕግ ይቋረጣል። እዚያው ሕግ ላይ ሪዚደንስ የተተረጎመው ሰው በእውን የሚኖርበት ዋና ቦታ ተብሎ ነው፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው ማለት አይቆጠርም። እንዲህ ዓይነት ቃል ያለበት ወረቀት ላይ ሊቭም ስቴይም ብላችሁ በራሳችሁ አትተኩ። ፎርሙ የተጠቀመበትን ቃል መልሳችሁ ተጠቀሙ።

ሪዛይድ ሰው ላልሆነ ረቂቅ ነገርም ይሆናል። ሥልጣን፣ መብት፣ ኃላፊነት «የሚኖረው» በሪዛይድ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 8 ላይ አማርኛው ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የሉዓላዊ ሥልጣን ባለቤቶች ናቸው ይላል። እንግሊዝኛው ግን ባለቤት አላለም፤ ሥልጣኑ በእነሱ «ሪዛይድስ» ብሎ ነው የጻፈው። ለተርጓሚ የሚጠቅም ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ግስ ለግስ ሳይገጥሙ ሐሳቡ የተላለፈበት። እዚያ ቦታ ሊቭ ቢገባ ዓረፍተ ነገሩ ይፈርስ ነበር።

ኢንሃቢት፦ ለሕዝብ፣ ለእንስሳ፣ ለምድር

አሁን ወደ ተበላሸችው ዓረፍተ ነገር እንመለስ። ኢንሃቢት ከሩቅና ከላይ ሆኖ የሚያይ ቃል ነው። የጂኦግራፊ መምህር፣ የአራዊት ተመራማሪ፣ የታሪክ ጸሐፊ ይጠቀሙበታል። አንድ ሰው ቤቱን አይኢንሃቢትም፤ አንድ ሕዝብ አካባቢን ግን ይኢንሃቢታል። የዛይ ሕዝብ በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ይኖራል ለማለት «ዘ ዛይ ኢንሃቢት ዘ አይላንድስ ኦፍ ሌክ ዝዋይ» ትላላችሁ። «ኢን» የለም። ግሱ በቀጥታ ቦታውን ይይዛል።

ለዱር እንስሳ ከዚህ የተሻለ ቃል የለም። ቀይ ቀበሮ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን ደጋ ይኢንሃቢታል፤ ባሌ፣ ስሜንና ጥቂት ሌሎች ተራሮች ላይ። ጭላዳ የደጋውን ገደልና ሣር። ዋልያ በተፈጥሮ ያለው ስሜን ብቻ ነው። ስለ ስሜን ተራሮች ለቱሪስት ጽሑፍ የሚያዘጋጅ አስጎብኚ ይህን ግስ ቢያውቀው ብዙ ይጠቅመዋል። ሊቭም ስህተት አይሆንበትም፤ ሊቭ ካለ ግን «ኢን» ወይም «ኦን» መጨመር አለበት።

ከዚህ ግስ የሚወለዱት ቃላት ናቸው ይበልጥ የሚያምታቱት። «ኢን» ብዙ የእንግሊዝኛ ቃል ላይ አፍራሽ ነው፤ ስለዚህ «ኢንሃቢተብል» የሚለውን ሰው «ለመኖር የማይመች» ብሎ ይተረጉመዋል። ተቃራኒው ነው። ኢንሃቢተብልም ሃቢተብልም ሁለቱም ለመኖር የሚመች ማለት ናቸው። ማፍረስ ስትፈልጉ ፊቱ ላይ «አን» ትጨምራላችሁ፤ አንኢንሃቢተብል። እኔ ብሆን ለመልካሙ ሃቢተብልን ብቻ እጠቀማለሁ፤ አንባቢው አይሳሳትም።

«አንኢንሃቢትድ» ደግሞ ሰው የማይኖርበት ነው። ዳሎል በ1960ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር የማዕድን ሥራ ሰፈር ነበረበት፤ በዚያን ጊዜ የተለካው አማካይ የዓመት ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነበር። ሰው በሚኖርበት ቦታ ከተመዘገቡት ሁሉ ከፍተኛው እየተባለ የሚጠቀሰው ያ ነው። እንግሊዝኛው ላይ «ኢንሃቢትድ» የሚለው ቃል የግድ የሚገባው ለዚህ ነው። ሰው ከሌለበት ቦታ ጋር ሳይሆን ሰው ካለበት ጋር ነው የተወዳደረው።

ግን ይህን ቃል ለባዶ ቤት አታውሉት። ዕጣ ወጥቶለት ባለቤቱ ያልገባበት ኮንዶሚኒየም አንኢንሃቢትድ አይባልም። አንኦኪዩፓይድ ወይም ቬከንት ነው። በሁለቱ መካከል እንኳ ልዩነት አለ። በአሜሪካ የቤት ኢንሹራንስ አነጋገር፣ ዕቃው ተቀምጦ ሰው ለጊዜው ከሌለበት አንኦኪዩፓይድ ይባላል፤ ሰውም ዕቃም ከሌለበት ቬከንት። ቬከንት የተባለ ቤት ላይ ጉዳት ሲደርስ ኩባንያዎች ክፍያውን ሊቀንሱ ወይም ሊከለክሉ ይችላሉ። አገር ቤት ለወራት የምትሄዱ ከሆነ ውላችሁ የትኛውን እንደሚል እዩ።

ኦኪዩፓይ፦ «ያዘ»

ኦኪዩፓይን ለመረዳት «ኖረ»ን ተዉትና «ያዘ»ን አስቡ። ወንበሩ ተይዟል። ክፍሉ ተይዟል። ጦሩ ከተማውን ያዘ። ጊዜዬን ያዘብኝ። አራቱም ኦኪዩፓይ ናቸው። አውሮፕላን ላይ የመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ቀይ ሲሆን የሚወጣው ጽሑፍ ኦኪዩፓይድ ነው።

ግን «ያዘ» ሁሉ ኦኪዩፓይ አይደለም። «ቦታ ያዝልኝ» ለማለት «ሴቭ ሚ ኤ ሲት» ነው የሚባለው። ካፌ ውስጥ ወንበር ባዶ መሆኑን ስትጠይቁም «ኢዝ ዚስ ሲት ቴክን?» በሉ፤ ኦኪዩፓይድ ብትሉ ሰው ይረዳችኋል፣ ግን ማስታወቂያ የምታነቡ ይመስላል።

ቃሉ ሰዎችና ቦታ ሲገናኙ ይከብዳል። «ብዙ ኢትዮጵያውያን ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራሉ» ለማለት ኦኪዩፓይ ብትጠቀሙ ከተማውን በኃይል የያዙት ይመስላል። እዚያ ሊቭ ነው። ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ አቬኑ ላይ ስላሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ስትጽፉ ግን ኦኪዩፓይ በትክክል ይገባል፤ ድርጅት የያዘው ሱቅ ወይም ሕንፃ ነውና። ድርጅት ቤት አይኖርበትም፤ ይይዘዋል።

አሁን እኔ አጥብቄ የምይዘው ነገር ጋ ደረስን። ስለ ኢትዮጵያ በእንግሊዝኛ የምትጽፉ ሁሉ፣ ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባበት ከሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጀምሮ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው እስከገቡበት እስከ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ስላለው ጊዜ ስትጽፉ ግሱ ኦኪዩፓይ ነው። ኮሎናይዝ፣ ማለትም ቅኝ ገዛ፣ ብዬ አልጽፍም። ኦኪዩፓይ ማለት ጦር ገብቶ ያዘ፣ ባለቤቱ ግን አለ ማለት ነው። አርበኞቹ አምስቱን ዓመት በሙሉ ሲዋጉ ነበር፤ ጠላት የያዘው ከተማውንና ዋና ዋና መንገዱን ነበር፣ ብዙው ገጠር አልገበረለትም። ኮሎናይዝ የሚለው ግስ የተደላደለ አገዛዝን፣ ሥር የሰደደ አስተዳደርን ያመጣል። የቤት ሥራውን በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ልጃችሁ ውጭ አገር ትምህርት ቤት ውስጥ ይህን አንድ ግስ አስተካክሎ ቢጽፍ ታሪኩን በትክክል ጻፈ ማለት ነው። ሊቭ ወይም ስቴይ ደግሞ እዚህ ፈጽሞ አይገባም፤ «ጣሊያን አምስት ዓመት ቆየ» ብለን በአማርኛ የምንለው ወደ እንግሊዝኛ በስቴይ ሲዞር እንግዳ ሆኖ የመጣ ያስመስለዋል።

ከዚህ ግስ የሚወጣው ስም፣ ኦኪዩፔሽን፣ ፎርም ላይ ሲመጣ ሥራ ማለት ነው። መኖሪያ ብላችሁ አድራሻ እንዳትጽፉበት። «ነርስ»፣ «ሾፌር»፣ «መምህር» ነው የሚጻፈው።

ኦኪዩፓንት የሚለውንም ልብ በሉ። አሜሪካ ውስጥ የቤት ኪራይ ውል ሲፈረም ፈራሚው ቴናንት ይባላል፤ ኪራዩ ካልተከፈለ የሚጠየቀው እሱ ነው። አብረው የሚኖሩ ልጆችና ዘመዶች ብዙ ጊዜ ኦኪዩፓንት ተብለው ስማቸው ይጻፋል፤ መኖር ይፈቀድላቸዋል፣ ውሉን ግን አልፈረሙም። ከአገር ቤት የመጣ ወንድማችሁ አብሯችሁ ሊኖር ሲል የትኛው ሆኖ እንደሚገባ ጠይቁ። ደባል እንዲሆናችሁ የምታስገቡት ጓደኛ ከሆነ ደግሞ ቴናንት ቢሆን ይሻላል፤ ኪራዩ በእናንተ ብቻ እንዳይቀር።

ሴትል፦ ሰፈረ

ሴትል መጥቶ ኑሮ መመሥረት ነው። ከተመ፣ ሰፈረ የምንለው። እንቅስቃሴ አለበት፤ ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ያስፈልገዋል። በ1977 ድርቅ ጊዜ ከወሎና ከትግራይ ወደ ደቡብና ምዕራብ የተወሰዱት ሰዎች ጉዳይ በእንግሊዝኛ ሪሴትልመንት ይባላል፤ እኛ ሰፈራ የምንለው። ስደተኛ ከካምፕ ተወስዶ ወደ ሦስተኛ አገር ሲገባም ቃሉ ያው ሪሴትልመንት ነው፤ ናይሮቢ ወይም ካምፓላ ተቀምጦ ጉዳዩን የሚጠብቅ ሰው ያውቀዋል።

ግሱና ስሙ አንድ ክብደት የላቸውም። በ1983 በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ገቡ። ስለ እነሱ ስትጽፉ ናታንያ ወይም ረሆቮት «ሴትልድ» ማለት ይቻላል። «ሴትለርስ» ካላችሁ ግን አንባቢው የሚያስበው በዌስት ባንክ ሰፈራዎች የሚኖሩትን ነው። እዚያ አገር ስላሉ ዘመዶቻችሁ ስትጽፉ ግሱን ተጠቀሙ፣ ስሙን ተዉት።

የቀሩት ባጭሩ

ድዌል ዛሬ የመጽሐፍ ቅዱስና የግጥም ቃል ነው። በ1611 በአውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የኪንግ ጄምስ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም በመዝሙር 23 «በእግዚአብሔር ቤት ለዘላለም እኖራለሁ» የሚለውን በድዌል ነው ያስቀመጠው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ትርጉሙ ማሳሳትና ማዘግየት ነበር፤ ከዚያ ወደ መቆየት፣ ከመቆየት ወደ መኖር ሄደ። የመቆየቱ ትርጉም ዛሬም «ድዌል ኦን» ውስጥ አለ፤ አንድ ነገር ላይ ቆሞ ማሰላሰል። ለአድራሻ አትጠቀሙበት። ድዌሊንግ የሚለው ስሙ ግን በሕግና በሕንፃ ፈቃድ ወረቀት ላይ በሥራ ላይ ነው፤ መኖሪያ ቤት ማለት ነው።

ሃውስ ግስ ሲሆን መጨረሻው ወደ «ዝ» ይለወጣል፣ ሃውዝ። ቅርስ ወይም መሣሪያ የተቀመጠበትን ቦታ ለመናገር ነው። በ1974 በአውሮፓ አቆጣጠር ሐዳር ላይ የተገኘችውን ድንቅነሽን ብሔራዊ ሙዚየም «ሃውዝስ» ይባላል። ድንቅነሽ እዚያ «ሊቭስ» አይባልም።

ፖፑሌት በሕዝብ መሙላት ነው፤ ዛሬ ግን ይበልጥ የምትሰሙት ከኮምፒውተር ሰዎች ነው፣ ሠንጠረዥ በመረጃ ሲሞላ። ስኳት ደግሞ ያለ ፈቃድ የሰው ቤት ወይም መሬት ላይ መቀመጥ ነው። ጨረቃ ቤትን የሚያጠኑ ሰዎች በእንግሊዝኛ ስኳተር ሰፈር ብለው ይጽፉታል። ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ ጨረቃ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ መሬቱን ከገበሬ በገንዘብ ገዝቶ፣ ቤቱን ራሱ ሠርቶ ነው የገባው። ስለዚህ እኔ «ኢንፎርማል ሰፈር» የሚለውን እመርጣለሁ፤ ሰውየውን ሌባ አያስመስለውም።

ስትጽፉ ብትቸገሩ

«የምቀመጠው ጀሞ ነው» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ ስትወስዱ «ሲት» የምትል ቃል አትግባ። መቀመጥ እዚህ መኖር ነው፤ አይ ሊቭ ኢን ጀሞ። «አሜሪካ ተቀምጦ መጣ» የሚለው ደግሞ ስንት ጊዜ እንደቆየ ይወስነዋል። ዓመታት ከሆነ ሊቭድ፣ ሳምንታት ከሆነ ስቴይድ። «ቤቱን ተከራይ ገብቶበታል» ኦኪዩፓይድ። «አካባቢው ላይ ብዙ ብሔረሰቦች ይኖራሉ» ኢንሃቢት ወይም ሊቭ ኢን፤ እንደ ጽሑፉ ክብደት። «እዚያው ቀረ፣ ቤት ሠራ፣ ወለደ» ሴትልድ።

ሲቪ ላይ ደግሞ ከነዚህ ግሶች አንዱም አያስፈልግም። ከስማችሁ ሥር «አዲስ አበባ፣ ኢትዮጵያ» ብላችሁ ከተማውንና አገሩን ጻፉ፤ ቀጣሪው የሚፈልገው እሱን ብቻ ነው። የማመልከቻ ደብዳቤ ላይ ስለ ራሳችሁ የምትጽፉት ዓረፍተ ነገር ካለ «ደሴ ተወልጄ አሁን ባሕር ዳር እኖራለሁ» የሚለውን «አይ ዋዝ ቦርን ኢን ደሴ ኤንድ ናው ሊቭ ኢን ባሕር ዳር» ብላችሁ አስቀምጡትና ወደ ሥራ ልምዳችሁ እለፉ።